ያልሰማሽው ድምፅ

ባሕር ዳር፣ ሚያዝያ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.

«ሰባት ሽማግሌዎች ነበሩ። ድንጋይ ነበራቸው። ሌላ ሰው አላየሁም፤ ድምፅም አልሰማሁም።»

ከሆሣዕና በፊት በነበረው ዓርብ፣ በቀበሌው አዳራሽ ቆመሽ የመሰከርሽው ይህን ነው። ቃል አልጨመርሁበትም፣ ቃል አልቀነስሁበትም። ከኋላ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስትናገሪም ትመለከቺ የነበረው ሰብሳቢውን ሳይሆን እኔን ነው።

እናቴ ግን ሰላምታ ሳያስቀድም የሚቆጣ ሰው ከውሻ አይሻልም ትል ነበርና ቁጣዬን ላቆየው። የጥንት እጮኛዬ ሆይ፣ እንደምን ከርመሻል? ጾሙ እንዴት አለፈልሽ? ከማን ጋርስ ፈታሽ? በክረምት ብቻ ይነሣብሽ የነበረው የጉልበት ሕመም ዘንድሮ ዝናቡን ሳይጠብቅ እንደ ጀመረሽ አይቻለሁ፤ የአዳራሹን ደረጃ ስትወጪ ግድግዳውን ይዘሽ ነበር። ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ነገ ዛሬ አትበይ። እኔ ከእንቅልፍ በቀር የጎደለብኝ የለም፤ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባው።

አራት ዓመት ሙሉ በአንድ ከተማ ስንኖር፣ አንቺ ግሽ ዓባይ እኔ ሐይቁ ዳር፣ ከአንገት ሰላምታ ያለፈ ነገር አልተለዋወጥንም። ባልሽ ጎንደር ላይ ሲሞት እንኳ ለቅሶ የደረስሁት ከሰው ጋር ተደባልቄ ነው። ዛሬ ምን ነካውና ደብዳቤ ጻፈልኝ ትይ ይሆናል። የምጽፍልሽ ስለ ድሮው ነገር አይደለም። ስለ ሽማግሌዎቹና ስለ ድንጋዩ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር፤ የመንደር ምሥረታ ኮሚቴያችሁ ከመካከሉ መጀመር ይወዳልና።

የዘጌን ሰው ከቡናው ጫካ አውጥታችሁ ማዶ ካለው ገላጣ ሜዳ ላይ በመስመር ልታሰፍሩት መወሰናችሁን የሰማሁት በመስከረም ነው። አዋጅ ነው፣ በየአውራጃው እየተደረገ ነው፤ አውቃለሁ። ነገር ግን እኔ ዕድሜዬን በሙሉ የቡና ባለሙያ ሆኜ የኖርሁ ሰው ነኝ። ዘጌ በሬ አይጠመድባትም፣ አትታረስም፤ ያላት ቡናው ብቻ ነው። ጫካው ውስጥ ያለው ጎጆ ደግሞ መኖሪያ ብቻ አይደለም፤ የቡናው ጠባቂ ነው። ሰው ሲርቅ ጦጣ ይቀርባል። ይህን ለማወቅ ዓለማያ ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም፤ እኔ ግን ገብቼም የሚሰማኝ አላገኘሁም።

ስለዚህ ሰዎች አሰባሰብሁ። ማኅበር ብዬ አልጠራሁትም። ለገጠሩ ሰው የተፈቀዱት የገበሬው፣ የሴቶቹና የወጣቶቹ ማኅበራት ናቸው፤ ሌላ የሚጨምር ሰው ጠቅላላ ጉባኤውን የሚያደርገው እሥር ቤት ነው። ስም የሌለውን ነገር ማገድ ያስቸግራል ብዬ ስም ሳላወጣለት ቀረሁ። በየወሩ በመድኃኔ ዓለም ቀን የጽዋው ማኅበር በመሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ቤት ሲሰበሰብ፣ ጸሎቱ ደርሶ ጠላው ከተቀዳ በኋላ ጉዳያችንን እናነሣለን። መሪጌታን መቼም አትረሻቸውም፤ እኔን ፊደል ያስቈጠሩኝ፣ አንቺን ደግሞ ከአጥሩ ማዶ ቆመሽ ስትሰሚ አይተው እንዳላዩ ያለፉሽ ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ዛሬ የሴቶቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው፤ ምላሳቸው አልዶለዶመም። ቡናውን እየገዛ ባሕር ዳር የሚሸጠው ጀላሉዲንም በጀልባ ይመጣል። በጽዋ ማኅበር ላይ እስላም ምን ይሠራል ያለ ሰው የለም፤ ለእሱ ብርዝ ይቀርብለታል።

ስልቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አላፍርበትም። «እንቃወማለን» የሚል ቃል ከአፋቸው እንዳይወጣ ከለከልሁ፤ «ማሻሻያ እናቀርባለን» ነው የሚባለው። ቀጥሎ አለቃሽ ሻለቃው የሚፈራው ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። ሕዝብ አይፈራም። እግዚአብሔርንም መፍራቱን እንጃ። የሚፈራው የተሰጠው ዕቅድ ሳይሞላ እንዳይቀር ነው። እንግዲያውስ ዕቅዱን እንሙላለት አልሁ። በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያሉትን ጎጆዎች በካርታው ላይ አንድ መንደር ብለን ብንከልልለት፣ እሱም መንደር መሠረትሁ ብሎ ለበላዮቹ ይጽፋል፣ እኛም ከቤታችን ሳንወጣ መንደር እንሆናለን። ይህን በጥናት መልክ ጻፍሁት። ወደ ጽሕፈት ቤታችሁ የሚገባው ሰው ከሦስት እንዳይበልጥ ደግሞ አጥብቄ ነገርኋቸው፤ ሦስት ሰው ጉዳይ ነው፣ አራት ሰው ስብሰባ ነው፣ ሰባት ሰው አድማ ነው። መጀመሪያ የሚናገሩት ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ይሁኑ፤ ሻለቃው የሴቶችን ማኅበር በአደባባይ ሊቆጣ አይደፍርም። ልቅሶ የለም፤ መሬት መሳም የለም፤ እግር ላይ መውደቅ የለም።

ጀላሉዲን በነገሩ ተደሰተ። «ባለቤቱ ሜዳ ላይ፣ ቡናው ጫካ ውስጥ ከሆነማ እኔ ለከርሞ የምዋዋለው ከጦጣ ጋር ነው» አለ። ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ቀበል አድርገው፣ «ይሻለናል፤ ጦጣዋ እንዳንተ ሚዛን አትነካ» አሉት። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ አልሳቅሁም።

መሪጌታ ግን አልሳቁም። «ወረቀትህ መልካም ነው፤ ወረቀት ግን አንገት የለውም፣ ጎንበስ አይልም» አሉኝ። ድንጋይ ተሸክመን ብንሄድ አሉ። አንቺ ይህን ማንም ሊያስረዳሽ አይገባም። አጎትሽ ከአባትሽ ጋር የታረቁ ዕለት ድንጋይ በማጅራታቸው ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው በራችሁ ላይ ሲቆሙ፣ አባትሽ ድንጋዩን አውርደው የሰጡት ላንቺ ነበር፤ ጓሮ ወስደሽ የጣልሽው አንቺ ነሽ። «ድንጋይ የሚሸከም በዳይ ነው፤ እናንተ ማንን በደላችሁ?» አልኋቸው። መሪጌታ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ልጄ፣ የበደለህን ሰው በደልኸኝ ብለህ ብትሄድበት ይሸሽሃል። በደልሁህ ብለህ ብትሄድበት መሸሻ የለውም።»

ከለከልሁ። ሻለቃው አገሩ ሌላ ነው፤ በእሱ አገር ዕርቅ የሚለመነው እርጥብ ሣር ተይዞ ነው፤ ድንጋይ ይዞ የመጣ ሰው ለእሱ ሊወግረው የመጣ ነው አልኋቸው። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። የዘጌ ሽማግሌ ራሱን ሲነቀንቅ ሰማሁህ ማለቱ እንጂ እሺ ማለቱ እንዳልሆነ፣ እዚያው ተወልጄ ይህን ያህል ዘመን ኖሬ እንዴት እንደ ረሳሁት አላውቅም።

የቀረውን አይተሻል፤ አላየሁም ብትይም።

ቀጠሮው ሰኞ ጧት፣ ለሦስት ሰው ነበር። ከግቢው ውስጥ ከባለጉዳዮቹ መካከል ጥናቴን ይዤ እጠብቃለሁ። ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤልም አልመጡ፣ ጀላሉዲንም አልመጣ። ከሐይቁ በኩል ብቅ ያሉት ሰባት ሽማግሌዎች ናቸው፣ መሪጌታ ከፊት። ጋቢያቸው ከጎን አበጥ አበጥ ብሏል። ዘበኛው ስንቅ መስሎት አሳለፋቸው። ሻለቃው በረንዳው ላይ ቆሞ ከሾፌሩ ጋር ይነጋገር ነበር። አንቺ በመስኮቱ ነበርሽ። የጽሕፈት መኪናሽ ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማኛል። ሽማግሌዎቹ ከበረንዳው ፊት ሲደርሱ ጋቢያቸውን ገለጡና ድንጋዩን በየማጅራታቸው አድርገው አጎነበሱ። ሻለቃው ወደ ኋላ አፈገፈገ። ዘበኛው ጠመንጃውን አቀባበለ። የጽሕፈት መኪናሽ ቆመ።

እኔ ስለ መሪጌታ ነፍስ ፈራሁ። «ጣሉት!» አልሁ።

ስድስት ወር ሙሉ የለፈለፍሁት ጆሯቸው ገብቶ የማያውቅ ሽማግሌዎች፣ ይህችን አንዲት ቃል ወዲያው ፈጸሟት። ሰባቱም ድንጋይ በአንድ ጊዜ ሲሚንቶው ላይ አረፈ። አንዱ ተንከባሎ የሻለቃውን ጫማ ነካ። ዘበኛው ወደ ሰማይ ተኮሰ። ባለጉዳይ ሁሉ መሬት ላይ ተኛ፤ እኔም ተኛሁ፤ ጥናቴ ከእጄ ወጥቶ ከመስኮትሽ ሥር ተበተነ። ከዚያ ባለጉዳዩን እያዳፉ ከግቢው ሲያስወጡት እኔም አብሬ ተዳፋሁ። ወደ ኋላ ዞሬ ሳይ መሪጌታ እጃቸውን ተይዘው አሁንም እንዳጎነበሱ ነበሩ። እንዲህ አድርገው የሚቆሙት ድንጋዩን የሚያወርድላቸው ሰው እስኪመጣ ነው፤ ድንጋዩ መውደቁን እንኳ የረሱት መሰለኝ።

በአዳራሹ የተጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «ጣሉት ብሎ ያዘዘው ማን ነው?» ዘበኛው ድምፁን ሰምቻለሁ፣ ሰውየውን ግን አላየሁትም አለ። ሽማግሌዎቹ በየተራ ተጠየቁ። በማኅሌት ላይ አንድ ዲያቆን ዜማ ቢያዛንፍ ከሩቅ ለይተው የሚያውቁት መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ፣ «ጌታዬ፣ ጆሮዬ ከደከመ ቆይቷል» አሉ። ሌሎቹም የየራሳቸውን ደዌ ቆጠሩ፤ የዘጌ ሽማግሌ ሁሉ በአንድ ጀንበር ደንቆሮ ሆነ። ከዚያ ሰብሳቢው ወደ አንቺ ዞሮ፣ «ጓድ ፀሐፊ፣ እርስዎ በመስኮቱ ነበሩ፤ አገሩንም ያውቁታል» አለሽ።

አንቺም ከላይ የጻፍሁትን ተናገርሽ።

ድንጋዩ የት እንደ ነበር አልተናገርሽም። በማጅራታቸው ነበር፣ ይህ የአገራችን የዕርቅ ወግ ነው ማለት ምን ያስቸግር ነበር? እኔ ልናገር ብዬ እጄን አወጣሁ። የተናጋሪዎቹን ስም የምትመዘግቢው አንቺ ነሽ፤ አልመዘገብሽኝም። ደግሜ አወጣሁ፤ ብዕርሽን ቀለም እንደ ጨረሰ አድርገሽ ታራግፊ ጀመር። በመጨረሻ ስነሣ፣ አንቺም ተነሥተሽ «ጓድ ሰብሳቢ፣ የተናጋሪ ቁጥር ሞልቷል፤ ቢዘጋ» አልሽ። ተዘጋ። ሰብሳቢው ያዘዘው ሰው ከተገኘ ነገሩ አድማ ስለሆነ ወደ ላይ ይተላለፋል፣ ካልተገኘ ግን ሽማግሌዎቹ ባለማወቅ ያደረጉት ነውና ሐሙስ ሚያዝያ 22 ቀን ቀርበው፣ ተመክረው ይለቀቃሉ አለ።

ተመክረው! የእኛን አባቶች ሲመክሩና ሲያስታርቁ ያረጁትን መሪጌታን፣ ጢሙ ያልጠነከረ ካድሬ ሊመክራቸው! ይህን እንኳ ልዋጠው። እስከዚያው ግን በቀበሌው መጋዘን ውስጥ ናቸው። ትንሣኤን እዚያ ዋሉ። «ክርስቶስ ተንሥአ» ሲሉ ጠባቂው ከደጅ ሆኖ ይቀበላቸው ነበር ብለው ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ነገሩኝ፤ ለእሳቸው ይህ ደስ የሚያሰኝ ወሬ ነው።

ደግሞ ሌላ አለ። ጀላሉዲን ባለፈው ሳምንት ሱቁ ድረስ ጠርቶኝ የሰማውን ነገረኝ። ሻለቃው በእንግዶች ፊት፣ «ዘጌን በተመለከተ አንድ ሐሳብ መጥቶልኛል፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያሉትን ቤቶች በካርታ ላይ አንድ መንደር ብለን ብንከልል ዕቅዱ ይሞላል» ብሏል አሉ። መጥቶልኛል! ሐሳቡ የእኔ ነው፤ አሰካኩ እንኳ የእኔ ነው። ጀላሉዲን፣ «አላህ ያሳይህ፣ ያንተ ወረቀት እኮ አንተን ትቶ ብቻውን ገባ» ብሎ እስኪያነባ ሳቀብኝ። ስሜ ያለበት የመጀመሪያው ገጽ እንዴት እንደ ጠፋ አልጠየቀም። እኔ ግን እጠይቃለሁ። ወረቀቶቹ የወደቁት ከመስኮትሽ ሥር ነው። ከመሬት የተነሣ ወረቀት ብቻውን ተደራጅቶ ሻለቃው ጠረጴዛ ላይ አይወጣም። ወረቀቱን ያየ ዓይን፣ ወረቀቱን የያዘውን ሰው እንዴት አላየም? ምስክርነትሽ እርስ በርሱ ይጣላል።

ይህን ለወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ነገርኋቸው። በቁጣ ነው የነገርኋቸው። ባላቸው የታሠረባቸው እሳቸው ሆነው ሳለ እንደ ልጅ ያባብሉኝ ጀመር። «ስለ ድንጋዩ ወግ ብታስረዳቸው ኖሮ፣ ለዕርቅ የመጣን ሽማግሌ ታዲያ ማነው ጣሉት ያለው ብለው አይጠይቋትም?» አሉኝ። «እኛ የሰፈሩ ሰዎች ሁላችን የምናውቀውን ድምፅ፣ እሷ ብቻ ምነው ጠፋባት?» ብለው ደግሞ ፊቴን አዩት። ያዩትን እንጃ፤ «አይ ወንድ! ሲማር ጊዜ ሁሉንም በጽሑፍ ካላመጣችሁልኝ ይላል» ብለው ወደ ታንኳቸው ሄዱ።

የሰው ግምት ማስረጃ አይሆንም። እኔ ግምት አልቀበልም።

ድምፄን አለመስማትሽን ግን እንዴት ብዬ ልቀበል? በዘጌ ወደብ ላይ፣ ሲመሻሽ፣ ከባሕር ዳር የሚመለሱት ታንኳዎች በጭጋጉ ውስጥ ሳይታዩ ቀዛፊዎቹ ከሩቅ ይጣራሉ፤ ታስታውሻለሽ። ስምሽን መጥራት ነውር ስለ ነበር እኔ የወንድምሽን ስም ነበር የምጠራው። ወንድምሽ ሰምቶ አያውቅም። እንስራሽን ይዘሽ የምትወርጂው አንቺ ነበርሽ። አንድ ቀን፣ «ስንት ሰው እየተጣራ እንዴት ለየሽኝ?» ብዬ ብጠይቅሽ፣ «የሌላውን ድምፅ ውኃው ይውጥብኛል፤ ያንተን ግን አይውጥም» አልሽኝ። ይህ ሰላሳ ዓመት አልፎታል። ቃሉን በትክክል ጽፌው እንደ ሆነ አንቺ አርሚኝ።

ከዓለማያ የተመለስሁ ዕለትም ተጣርቻለሁ። ታንኳዋ ወደቡን ሳትነካ ጀምሬ ነበር የተጣራሁት። እንስራ የያዘ ሰው አልወረደም። ቀዛፊው አንገቱን ደፍቶ ይቀዝፋል፤ ያውቅ ኖሯል። ጎንደር መዳርሽን የነገሩኝ ከወደቡ በላይ ስደርስ ነው። ያን ጊዜ አልፈረድሁብሽም፤ ጎንደር ሆነሽ እንዴት ትሰሚኛለሽ? አሁን ግን አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ነበርሽ፤ መስኮቱም ክፍት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለምን አላገባህም ሲሉኝ ሥራ በዛብኝ እላለሁ። ሥራ በዝቶብኝ አያውቅም። በአራቱ ዓመት ውስጥ በጽሕፈት ቤታችሁ አጠገብ የማልፍበት ጉዳይ ኖሮኝ አያውቅም፤ መንገዴም አይደለም፤ እንዲያም ሆኖ አልፋለሁ። ይህን የምጽፈው ፍርድ እንድትሰጪኝ አይደለም። ብቻ፣ ሌላውን ሰው ለማስረዳት ዘጠኝ ገጽ የሚበቃኝ ሰው፣ ላንቺ ስጽፍ ወረቀቱ ለምን እንደሚያልቅብኝ አይገባኝም።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

የምጠይቅሽ አንድ ጥያቄ ነው፤ ድምፄን ሰምተሻል ወይስ አልሰማሽም? አልሰማሁም ካልሽ፣ እውነትም ካልሰማሽ፣ እኔን በዚህ ከተማ የሚይዘኝ ነገር የለም ማለት ነው። ሐሙስ ጧት ከስብሰባው በፊት ሄጄ፣ ጣሉት ያልሁት እኔ ነኝ እላለሁ። ወደ ላይ ያስተላልፉኝ። ከነስሜ፣ ከነሥራዬ እቆማለሁ እንጂ የሰባት ሽማግሌ መደንቆር ተገን አድርጌ አልኖርም።

ሰምተሽ እንደ ሆነ ግን፣ ሰምተሽም አልሰማሁም ያልሽ እንደ ሆነ፣ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ለሻለቃው አስቤለት ነበር፤ ለዘበኛው እንኳ አስቤለት ነበር። ለዚህ ያወጣሁት ስልት የለኝም። ቤቴ እቀመጥ ይሆናል። በሬን ክፍት አድርጌ እቀመጥ ይሆናል።

የዘጌ ታቦታት ሁሉ ከክፉ ይጋርዱሽ። ጉልበትሽን ይማርልሽ። ሻለቃው ፊት ስትቆሚ ሞገስ ይስጥሽ፤ ያቺንም የጽሕፈት ክፍል ያለ ክፉ ነገር ግቢባት፣ ውጪባት። ይህን ወረቀት ካነበብሽ በኋላ እሳት ውስጥ ጨምሪው፤ አደራ።

መልሱ በቃል እንዲደርሰኝ አልፈልግም፤ በሰው አፍ ተልኮ የመጣ ቃል ይለወጣል። ፊርማ አትፈርሚበት፣ ስሜንም አትጻፊ፤ የእጅ ጽሑፍሽን አውቀዋለሁ። ሰማሁ ወይም አልሰማሁም፤ አንዲት ቃል ትበቃኛለች። ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ለባላቸው ስንቅ ሊያደርሱ ስለሚመጡ በእሳቸው እጅ ላኪልኝ። እስከ ረቡዕ ሚያዝያ 21 ቀን፣ ታንኳቸው ከመነሣቷ በፊት፣ መልስሽን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

የጥንት እጮኛሽ